እጀታው የረዘመ ሚዶ

መላጣው ቴጊድ ሐይቁ ዳር ቆሞ ቆቡን ያወለቀ እንደሆነ፣ በማዶ ያሉ አውራ ዶሮዎች ነጋ ብለው ይጮሃሉ። ይህ ማጋነን አይደለም። በፔንሊን ምድር ስለ ቴጊድ ራስ ማጋነን ከባድ ነው፤ እውነቱ ራሱ ቀድሞ ይሄዳል። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ አንዲት ፀጉር ለምልክት እንኳ አልቀረችበትም። ዝንብ ብታርፍበት ተንሸራታ ሐይቅ ትገባለች። ሐይቁ የሚጠራው በስሙ ነው፤ ከሐይቁና ከራሱ የትኛው ይበልጥ ያበራል በሚለው ላይ ሁለት ሽማግሌዎች ሰባት ዓመት ተኳርፈው፣ በስምንተኛው የሁለቱም ዓይን ሲፈዝ ታረቁ።

እንዲህ ላለው ሰው ነው እንግዲህ ሞርቭራን የተወለደለት።

ልጁ ሲወለድ አዋላጇ አንዴ አይታው በመስኮት ወጣች። ቤቱ ደግሞ መስኮት አልነበረውም። ፊቱን በተመለከተ፣ ጨዋ የሆነ የአገሩ ሰው «ገና አልለየለትም» ብሎ ያልፋል፤ ጨዋ ያልሆነው ልጆቹን ይሸሽጋል። ፀጉሩ እንደ አጋዘን ፀጉር ወፍራም፣ ሽቅብ የቆመ፣ ከቅንድቡ ተነሥቶ ትከሻው ላይ የሚያርፍ ነበር። አባቱ ያጣውን ሁሉ እሱ ላይ ከነወለዱ የከፈሉት ይመስላል። እህቱ ክሬይርዊ ግን መልኳ ላየ ሰው ዳቦ የሚያስረሳ ነበር። አንድ አንጥረኛ እሷን ሲያይ የገዛ ጣቱን ቀጥቅጦ፣ «አልተሰማኝም» ብሎ ሌላዋን ደገመ።

ሞርቭራን ግን የዋህ ነው። ዓሣ ከመንጠቆ ሲያወጣ ይቅርታ ይጠይቃል። የሰው ሕፃን ወደ እሱ ሲመጣ ካየ፣ እንዳያስደነግጠው ብሎ መንገዱን ለቆ በቁጥቋጦ በኩል ይዞራል። ፀጉሩ ሁልጊዜ እሾህና ቅጠል የሞላው ለዚህ ነው።

በግንቦት መባቻ አሥራ አራት ዓመት ይሞላዋል። በፔንሊን ደግሞ አሥራ አራት የሞላው ወንድ ልጅ፣ ከብቱ ወደ ተራራው ግጦሽ ከመውጣቱ በፊት ፀጉሩ በአገሩ ጌታ እጅ ይበጠራል። ጌታው ልጁን ጉልበቱ ሥር አስቀምጦ ሦስት ጊዜ ያበጥረዋል፤ በሦስተኛው «የማን ነህ?» ይለዋል፤ ልጁ አባቱን ይጠራል፤ ጌታው «አወቅሁህ» ይላል። አለቀ። ከዚያ ወዲያ ልጁ ሰው ነው። እሳት ዳር ቦታ አለው፣ ቢመሰክር ይታመናል፣ ክፉ ቢያገኘው ደሙን የሚጠይቅለት አለው። ያልተበጠረ ግን እስኪሸብት ልጅ ነው፤ የማንም አይደለም። በፔንሊን ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ አንዱ «ያልተበጠረ» ካለ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው በቡጢ ነው የሚነገረው።

ቴጊድን እንቅልፍ የነሳው ይኸው ነበር። የዚህን ልጅ ራስ በሰው ፊት የሚነካ እጅ ከየት ይመጣል?

ሚስቱ ኬሪድወን መልሱን የምትፈልገው ከድስት ነው። ድስቷ ሁለት በሬ ከነቀንበሩ የሚዋኝበት ነበር። ዓመት ከአንድ ቀን ካልፈላ የማይደርስ የጥበብ ቅጠል ጥዳበታለች።

«ፊቱን ካልወደዱለት ንግግሩን ይወዱለታል» አለችው፣ ማማሰሏን ሳታቆም። «ሦስት ጠብታ ይቅመስ እንጂ፣ ያለፈውንም የሚመጣውንም ያውቃል።»

«የኔ ሴት፣ የሚመጣው እኮ ግንቦት ነው። ድስትሽ መቼ ነው የሚደርሰው?»

«አጨዳ ሲያልቅ።»

«እሱን ነው የምልሽ። አሁን ለልጁ የሚያስፈልገው ሚዶ ነው።»

ኬሪድወን ማማሰሏን አቆመች። በዚያ ዓመት ያቆመችው ያኔ ብቻ ነው ይባላል። የባሏን ራስ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ስለ ሚዶ ካንተ ድመቷ ትሻለኛለች» አለች። «አንተ ሰው፣ ለመሆኑ የልጅህን ጭንቅላት ዳብሰኸው ታውቃለህ?»

«ጭንቅላቱ ያንቺ ድርሻ ነው። እኔ ትከሻውን ይዣለሁ።»

እውነቱን ነው። የልጁን ትከሻ እየመታ አሳድጎታል፤ መቅዘፍ አስተምሮታል፤ ሲያተኩሰው አዝሎት ተራራ ወጥቷል። እጁ ግን ከአንገቱ በላይ ወጥታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። መልሱን ስለሚያውቀው ይሆናል።

ሚዶውን የጀመረው በመጀመሪያው በረዶ ነው። ቤት ውስጥ የነበሩት የእንጨት ማበጠሪያዎች ሁሉ በሞርቭራን ፀጉር ጥርሳቸውን ጨርሰዋል፤ አንደኛው እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ቴጊድ ከጫካ አንድ የወደቀ የአጋዘን ቀንድ አመጣ። ቀንዱ ከመክበዱ የተነሣ ታንኳዋ ውስጥ ሲጫን ሐይቁ ሞልቶ የማዶውን ጎመን አጠጣ። ክረምቱን ሙሉ ፈቀፈቀ፣ ሞረደ፣ በአሸዋ አሸ። ጥርሶቹ እንደ ጣት ወፍራም፣ ጫፋቸው ግን ቆዳ እንዳይቧጭር እንደ እንቁላል የለሰለሰ ሆነ። እጀታውን አንድ ክንድ ሙሉ አስረዘመው።

የእጀታው ነገር ብልሃት ነበር፤ ቴጊድም በብልሃቱ ኮርቷል። የፔንሊን ጌታ ኢድዋል ክፉ ሰው አይደለም፤ ብቻ አፍንጫው ቀጭን ነው። አንድ ጊዜ የሞተ እንቁራሪት አይቶ ሦስት ቀን ራት አልበላም። ቴጊድ እንዲህ አሰበ፦ እጁ ልጁን ካልነካ ፊቱ አይኮሳተርም፤ ፊቱ ካልተኮሳተረ ሰው አይስቅም፤ ሰው ካልሳቀ ልጄ ሰው ሆኖ ይወጣል። በዚህ ሒሳብ ተማምኖ፣ ልጁ የጌታውን ጦር ይዞ በቀኙ እንደሚቆም ለሐይቁ ዙሪያ ሰው ሁሉ አወራ። ለሰማው ሁለቴ ነገረው፤ ላልሰማው ቤቱ ድረስ ሄደ።

ጎረቤቱ ኬንሪክ መጋዝ ሊዋስ መጥቶ በር ላይ ቆመ። የእሱም ልጅ በዚያው ቀን ይበጠራል።

«ጋሼ ቴጊድ፣ መላጣ ሚዶ ሲሠራ አየሁ ብል ማን ያምነኛል?»

«መቅዘፊያ ነው ብለህ አውራ።»

«እጀታውስ? ከዚህ ቁጭ ብለህ የማዶውን ሰው ልታበጥር ነው?»

«ለጌታ የሚሠራ ነገር አያጥርም፤ መጋዙን ይዘህ ሂድ።»

ኬንሪክ እየሳቀ ሄደ። ቴጊድ ሚዶውን ደግሞ አሸው።

ቀኑ ደረሰ። ኩኩ የምትባለዋ ወፍ ከጠዋት ጀምራ ትጮሃለች፤ የማዶው ዳገት በቢጫ አበባ ነዷል። አባትና ልጅ ከዘንግ ተጎንጉና በበሬ ቆዳ የተለበጠችውን ክብ ታንኳቸውን ውሃ ላይ አኖሩና ገቡ። ሞርቭራን ይቀዝፋል። ኬሪድወን ሐይቁ ዳር ከተጣደው ድስቷ አጠገብ ሆና እጇን አላወዛወዘችም፤ ማማሰያው ይዟታል። ብቻ «ምሳህን ብላ» አለች፤ ለየትኛው እንደሆነ ሳይታወቅ ሁለቱም «እሺ» አሉ።

ሐይቁ መሃል ሲደርሱ ልጁ መቅዘፉን ተወና እጁን ውሃ ውስጥ ነከረ። የዳቨርድዊ ወንዝ ሐይቁን ሰንጥቆ ሲያልፍ ውሃው ከሐይቁ ውሃ አይቀላቀልም ይባላል፤ ሞርቭራን ቦታውን በብርዱ ያውቀዋል።

«አባዬ።»

«ወይ።»

«እጀታው ለምንድን ነው የረዘመው?»

«ለክብር ነዋ። የጌታ ጦር ረጅም ነው፣ የጌታ ገበታ ረጅም ነው...»

«የጌታ ማበጠሪያ ግን አጭር ነው። የኬንሪክ ልጅ አይቷታል። ከወርቅ ናት፣ መዳፍ አታክልም አለኝ።»

ቴጊድ ሳለ። ወደ ዳገቱ አየ።

«እሺ አባዬ» አለ ልጁ፣ ምንም ሳይባል። እጁን ከውሃው አውጥቶ መቅዘፊያውን ያዘ።

ያች «እሺ» ታንኳዋን አከበደቻት። ቀንዱ እንኳ እንዲያ አልከበደም።

የኢድዋል አዳራሽ በር ላይ በር ጠባቂው፣ ሆዱ ከበሩ ቀድሞ የሚቆም ሰው፣ ሞርቭራንን አየና ጦሩን አጋደመ።

«ይሄ አጋዘን ታርዷል ወይስ ገና ነው?»

«ታርጄ ነበር» አለ ሞርቭራን። «ጠጅ አለ ሲሉኝ ተነሣሁ።»

በር ጠባቂው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ጦሩን አነሣ። ቴጊድ ልጁን ገልመጥ አድርጎ አየው። እንዲህ ያለ አፍ ከድስቱ በፊት ከየት አመጣ?

አዳራሹ ሙሉ ነበር። በግ ይጠበሳል፣ የአጃ ቂጣና አይብ እንደ ድንጋይ ካብ ተከምሯል፤ የማር ጠጁን በርሜል ለማንቀሳቀስ አሥራ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ለመጨረስ ግን ሦስት። ኢድዋል መሃል ካለው እሳት አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ሁለት ልጆች ተበጠሩ። ሦስተኛው የኬንሪክ ልጅ ነበር። ጌታው ጉልበቱ ሥር አስቀምጦት፣ በግራ እጁ አገጩን ይዞ፣ በወርቋ ማበጠሪያ ሦስት ጊዜ አወረደለት። ሲጨርስ ጭንቅላቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ኬንሪክ እንባውን በጠጁ ዋንጫ ሸሸገ።

ሞርቭራን ይህን ሁሉ አየ። በተለይ መዳፉን አየ።

ተራው ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ጥብሱ እንኳ መንጫጫቱን ተወ። ልጁ ሄዶ ጉልበቱ ሥር ተቀመጠ። ኢድዋል ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ፤ የወርቋን ማበጠሪያ አየ፣ ፀጉሩን አየ።

«ይህቺ... ጥርሷ ቀጭን ነው» አለ።

«ጌታዬ፣ እኛ ይዘን መጥተናል» አለ ቴጊድ፤ ሚዶውን በሁለት እጁ አቀረበ።

መላጣ ሰው ከብብቱ ሚዶ ሲያወጣ ያየ አዳራሽ ዝም ብሎ መቆየት አይችልም። ከወዲያ ጥግ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ። ኢድዋል ግን እጀታውን ሲያይ ፊቱ በራ። ጫፉን በሁለት ጣት ያዘ፤ ክንዱን ዘረጋ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ሚዶውን ልጁ ራስ ላይ አሳረፈው። እሳት እንዳይፈጀው ፍም ከሩቅ እንደሚቆሰቁስ ሰው ነበር።

«ጌታዬ፣ ማር እየቆረጡ ነው እንዴ?» አለ ኬንሪክ፣ ጠጁ ነው ያስባለው። «ጭስ እናምጣልዎት?»

አዳራሹ ፈረሰ። የሳቁ ብዛት ከጣሪያው ሣር አራት ሸክም አወረደ። ኢድዋልም ሳይወድ ሳቀ፣ ሚዶው ከጣቱ አመለጠና ልጁ ፀጉር ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። አንድ ጊዜ። ገና ሁለት ይቀራል።

ሞርቭራን አላለቀሰም። ሚዶው ከራሱ ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እንደቆመ፣ ቀና ብሎ አባቱን ብቻ አየ።

«አባዬ፣ በቃኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ይሁን። ቤት እንሂድ።»

ቴጊድ የሠራው ብልሃት ምን እንደሆነ ያኔ አየው። ክረምት ሙሉ የሞረደው የጌታውን አፍንጫ ለመጠበቅ ብቻ አልነበረም። እጀታው ልክ በራሱ ክንድ ነው የተለካው። በራሱ ፍርሃት ነው የተለካው።

ተነሣ። ሰው መሃል አቋርጦ ሄዶ ሚዶውን ከፀጉሩ ውስጥ ቀስ አድርጎ አላቀቀው፤ እጀታውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰበረ። ድምፁ ሦስት ሸለቆ ተሻግሮ ተሰምቷል። ዳሩ ግን በመጀመሪያው አልተሰበረም፤ በሁለተኛውም አልተሰበረም፤ ጉልበቱ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረዋል። በሦስተኛው ተሰበረ፤ ቴጊድ ጥርሶቹን በመዳፉ ይዞ ወደ ልጁ ዞረ። የሚስቅ አልነበረም።

«ቴጊድ» አለ ኢድዋል። «አባት ያበጠረው ልጅ የአባቱ ምድጃ ሰው ነው። የኔን ጦር አይዝም፣ በኔ እሳት ዳር አይቀመጥም። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ ጌታዬ።»

«በቀኜ ይቆማል ብለህ አገር ምድሩን አዳርሰሃል አሉ።»

«አዳርሻለሁ» አለ ቴጊድ። «ተመልሼ አዳርሰዋለሁ።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠ። የልጁን ራስ ወደ ጭኑ ሳበ፤ ከዚያ እጁ አየር ላይ ቆመች። አሥራ አራት ዓመት የቆመችበት ቦታ ነው። ሞርቭራን ዓይኑን ጨፈነ። ቴጊድ እጁን አወረደ።

ራሱ ይሞቃል። ይህን አልጠበቀም። ከላይ እንደ አጋዘን ሻካራ የሆነው ፀጉር ከሥሩ እንደ ዳክዬ ጫጩት ላባ ለስላሳ ነው። ከግራ ጆሮው ኋላ ትንሽ ጠባሳ አለች፤ መቼ ወደቀ? ሐይቅ ሐይቅና የእናቱን ድስት ጢስ ይሸታል። ቴጊድ በአውራ ጣቱ ጠባሳዋን ዳሰሳት፣ ደግሞ ዳሰሳት።

«ይቅር በለኝ» አለ፣ ከልጁ ጆሮ በማያልፍ ድምፅ።

«ለምኑ?»

«ለእጀታው።»

ሞርቭራን ከሚዶው ጥርስ አንዱን በጣቱ ነካ። «ጥርሶቹ ጥሩ ናቸው» አለ። «አይቧጭሩም።»

ማበጠሩ ከቀትር እስከ አመሻሹ የበግ መታለቢያ ፈጀ። ከዚያ ፀጉር የወጣው ነገር ለሠላሳ ዓመት ወሬ ሆኗል፦ አንድ ቅርጫት እሾህ፣ ባለፈው በጋ የጠፋ መንጠቆ፣ ያ ያልተገኘው ማበጠሪያ፣ ሁለት እንቁላል ያላት ትንሽ ጎጆ። እናቲቱ ወፍ ልጁን ተከትላ እስከ አዳራሹ መጥታ ማገሩ ላይ ሆና ትጮህ ነበር፤ ቴጊድም ጎጆዋን ከማገሩ ላይ አኖረላት። ሰዉ መጀመሪያ ለማየት፣ ኋላ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ፣ ቀረብ ቀረብ አለ። አንድ ሰው ጥብሱን ማዞር ረስቶ በጉ አረረ።

አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ቴጊድ እጁን ገታ።

«የማን ነህ?»

«የቴጊድ» አለ ልጁ። «የቴጊድና የኬሪድወን።»

አሁን ቴጊድ «አወቅሁህ» ማለት አለበት። ለሰማው ሁለቴ የሚነግር ሰው፣ አንዲት ቃል አጥቶ አፉን ከፈተና ዘጋ። የሐይቁ ነጭ ዓሣ ከውሃ ሲወጣ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። በመጨረሻ መዳፉን ልጁ ራስ ላይ አሳርፎ፣ «አወቅሁህ» አለ። «አሁን ገና።»

ኢድዋል የገዛ እጁን ገልብጦ እያየ ተቀምጦ ነበር። «በሚመጣው ግንቦት ብትመልሰው...» ብሎ ጀመረ።

«አንዴ የታወቀ ሁለቴ አይታወቅም፣ ጌታዬ» አለ ቴጊድ፤ እጅ ነሣ፤ ልጁን ይዞ ወጣ።

ኬንሪክ በር ላይ ደረሰባቸው። ጠጁ ከፊቱ ሸሽቷል። የተሰበረውን እጀታ ይዞ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቺን ረሳህ» አለ፤ ከዚያ ወደ ሞርቭራን ዞሮ፣ «የማሩን ነገር... አፌ ነው» አለ።

«ንብ ቢኖርበት ያገኙት ነበር፣ ጋሼ ኬንሪክ» አለ ሞርቭራን። «ሁሉም ነገር ነበረበት።»

ቴጊድ እጀታዋን ተቀበለ። «ለኬሪድወን ማማሰያ ትሆናለች። ያቺ ድስት የማትሰብረው እንጨት የለም።»

ሲመለሱ ፀሐይ ገና ከዳገቱ ክንድ ያህል ከፍ ብላለች። ሞርቭራን እየቀዘፈ፣ አባቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ። የተበጠረው ፀጉር ለሁለት ተከፍሎ በትከሻው ላይ ወርዷል፤ ፊቱ እንደ ድሮው ገና አልለየለትም፤ አሁን ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ሐይቁ መሃል፣ ያ ብርዱ የሚታወቅበት ቦታ ሲደርሱ፣ ልጁ መቅዘፊያውን አጋደመ።

«አባዬ፣ ቆብህን አውልቅ።»

«ምን ልትሆን?»

«አውልቅ አልኩህ እኮ። አሁን ሰው ነኝ፤ ስናገር እደመጣለሁ።»

ቴጊድ አወለቀ። በማዶ አውራ ዶሮዎች ጮኹ። ሞርቭራን እጀታ አልባውን ሚዶ አነሣ፤ በግራ እጁ የአባቱን አገጭ ያዘና፣ ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ፣ ተጠንቅቆ፣ አንዲትም ፀጉር እንዳያመልጠው እንደሚፈራ ሰው ሚዶውን አወረደው። ታንኳዋ ቀስ ብላ ዞረች። ቴጊድ መጀመሪያ ሳቀ። በሁለተኛው ሳቁ ቆመ።

ኬሪድወን ከዳር ሆና የባሏ ራስ ከሐይቁ መሃል ሳይንቀሳቀስ ሲያበራ አየች፤ ምን ሆኑ ብላ እጇን ከዓይኗ በላይ አደረገች።

«የማን ነህ?» አለ ልጁ።

«ያንተ» አለ ቴጊድ።

ሚዶው ላይ አንድም ፀጉር አልተገኘም። ሞርቭራን ግን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ በየጥርሶቹ መሃል ደህና አድርጎ ፈለገ።